እበት ለማሳ ወይስ ለምድጃ? የባዮጋዝ ድጎማ ሚዛንና የገበሬ ማኅበር መሪዎች ድርሻ

ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚጓዝ መንገደኛ በየመንደሩ ደጃፍ የተከመረ ኩበት ሳያይ አያልፍም። ክምሩ ዝናብ እንዳያገኘው በሥርዓት ተደርድሮና ተሸፍኖ ሲታይ የእመቤቲቱን ትጋት ይመሰክራል። ደጋው ከዛፍ በተራቆተበት ቦታ ሁሉ እንጀራ የሚጋገረው፣ ወጥ የሚሠራው፣ ቤት የሚሞቀው በዚሁ ኩበት ነው። ነገር ግን ያው ክምር በሌላ ወገን ሲመረመር ወደ ማሳ መሄድ ሲገባው ወደ ምድጃ የሄደ ማዳበሪያ ነው።

በምዕራብ ደቡብ ወሎ፣ ይኸውም በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በለጋምቦና በሳይንት ያለው ገበሬ አፈሩን ለመያዝ ብዙ ደክሟል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሠረት የገበሬ ማኅበራት ከተቋቋሙ ወዲህ በወሎ ተራሮች ላይ የተሠራው እርከን ትውልድ የተፈራረቀበት ሥራ ነው። የማኅበራቱ ሥልጣን ዛሬ በቀበሌ አስተዳደር ቢተካም ሕዝቡ ቀበሌውን አሁንም «ገበሬ ማኅበር» እያለ ይጠራል፤ የእርከን ሥራውም ቀጥሏል። ይሁን እንጂ እርከን አፈሩ እንዳይሸረሸር ይጠብቀዋል እንጂ ጉልበት አይጨምርለትም። የአፈር ጉልበት የሚመለሰው ከሰብሉ ተረፈ ምርትና ከከብቱ እበት ነው። ገለባው ለመኖ፣ እበቱ ለማገዶ ሲውል ማሳው ዓመት ከዓመት ይሰጣል እንጂ አይቀበልም።

ኩበት አታንድዱ ብሎ መምከር ቀላል ነው። በኩበቱ ፋንታ ምን ይነደድ ለሚለው ጥያቄ መልስ ካልተሰጠ ግን ምክሩ ከንቱ ነው። በአገራችን ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆኑ ከታሰቡት ሥራዎች ዋነኞቹ የባዮጋዝ ማብላያና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ናቸው። ለባዮጋዝ ማብላያ ድጎማ ይሰጣል። ድጎማው ግን ለጠየቀ ሁሉ አይሰጥም፤ በመጀመሪያ ቤቱ ይመረመራል፣ ይመዘናል። ይህ ምዘና ብዙ ጊዜ እንደ ቢሮ ጣጣ ወይም እንደ አድልዎ ይቆጠራል። የዛሬው ጽሑፋችን ምዘናው በምን ላይ እንደ ተመሠረተ፣ ለምን እንዳስፈለገ፣ የገበሬ ማኅበር መሪዎችም በዚህ ረገድ ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ይመረምራል።

ጭሱ ይዞት የሚሄደው

እበት ሲነድ ናይትሮጅን የተባለው ዋና የአዝመራ ምግብ ከጭሱ ጋር ወደ አየር ይወጣል። አፈርን የሚያለሰልሰውና ውሃ እንዲይዝ የሚያደርገው ብስባሽም አብሮ ይቃጠላል። በአመዱ ውስጥ የሚተርፉት እንደ ፎስፈረስና ፖታሲየም ያሉት ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ አመዱ ጓሮ ስለሚደፋ ከቤት ርቆ ወዳለው ማሳ እምብዛም አይደርሱም። የጓሮው ጎመንና ድንች አምሮ ሳለ ራቅ ያለው የገብስ ማሳ የሚገረጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ይህ ጉዳት ከታወቀ ቆይቷል። ኬኔት ኒውኮምብ የተባሉ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1984 ለዓለም ባንክ ባዘጋጁት፣ ስለ ኢትዮጵያ የገጠር ደን ልማት ጠቀሜታ በሚያወሳ ጥናት፣ የእበት መንደድ በእህል ምርት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በገንዘብ አስልተው አሳይተዋል። የጥናቱ ፍሬ ነገር ዛፍ መትከል የሚያዋጣው እንጨቱ ስለሚሸጥ ብቻ አይደለም የሚል ነው። እንጨቱ በኩበት ፋንታ ሲነድ እበቱ ወደ ማሳ ይመለሳል፤ የዚያ ማሳ ተጨማሪ እህል ከዛፉ ትርፍ ጋር መቆጠር አለበት።

ባዮጋዝ ደግሞ የማሳና የምድጃን ሽሚያ በሌላ መንገድ ያስታርቃል። እበት ከውሃ ጋር ተበጥብጦ አየር በማይገባበት የግንብ ማብላያ ውስጥ ሲቆይ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕዋሳት ያብላሉታል። ከዚህ የሚወጣው ጋዝ በቧንቧ ወደ ጓዳ ሄዶ ለምግብ ማብሰያና ለመብራት ያገለግላል። ጋዙ ከእበቱ የሚወስደው በይበልጥ ካርቦን የተባለውን ስለሆነ ናይትሮጅኑና ሌላው የአዝመራ ምግብ በዝቃጩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አንዱ እበት ሁለት ጊዜ ያገለግላል፤ መጀመሪያ በጓዳ፣ ቀጥሎ በማሳ።

በጓዳ በኩል ያለው ጥቅምም ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። በጭሱ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚውሉት እናቶችና በጀርባቸው የሚታዘሉት ሕፃናት ናቸው።

ድጎማው ከየት መጣ?

ባዮጋዝ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ማብላያ በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ከተሠራ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚያ በኋላ በመንግሥትም በእርዳታ ድርጅቶችም ጥረት በየቦታው ማብላያዎች ተገንብተዋል። ብሔራዊ ፕሮግራም ለመጀመር እ.ኤ.አ. በ2006 ጥናት በተደረገ ጊዜ ግን ብዙዎቹ ሥራ አቁመው ተገኙ። ምክንያቶቹ የከብት ቁጥር መቀነስ፣ የውሃ እጥረት፣ የባለቤት መለዋወጥ፣ የቴክኒክ ብልሽትና ጠግኖ የሚከታተል ሰው መጥፋት ነበሩ። ከእነዚህ መካከል የግንበኛው ስሕተት አንዱ ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። አብዛኛው ከቤቱ ሁኔታ የመጣ ነው። ማብላያው ግንቡ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ቤቱ ሊመግበው ባለመቻሉ ሞቷል ማለት ነው።

ከዚህ ትምህርት ተወስዶ የብሔራዊ ባዮጋዝ ፕሮግራም ኤስ ኤን ቪ በተባለው የኔዘርላንድ የልማት ድርጅት ድጋፍ ተነደፈ። በመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ 2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች 14,000 ማብላያዎች ለመሥራት ታቅዶ የተሠሩት ከ8,000 ጥቂት የሚበልጡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት የገንዘብ ድጋፍ 36,000 ማብላያዎችን የማስገንባት ሰፊ ዕቅድ ተያዘ። የተመረጠው ከመሬት በታች የሚገነባና ጉልላት መሳይ ክዳን ያለው ማብላያ ከኔፓል ተወስዶ ለአገራችን እንዲስማማ የተደረገ ሲሆን «ስንዱ» የሚል ስም ተሰጥቶታል።

ኔፓል የተጠቀሰችው ያለ ምክንያት አይደለም። አገሩ ተራራማ፣ ገበሬውም እንደ እኛ ገበሬ እርሻን ከከብት ጋር አጣምሮ የሚኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው የኔፓል የባዮጋዝ ድጋፍ ፕሮግራም ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ቤቶችን ሊያዳርስ የቻለው ድጎማን ከጥራት ቁጥጥር ጋር በጥብቅ በማያያዙ ነው። ግንባታው ከተወሰነው ደረጃ በታች ሆኖ ከተገኘ ገንቢው ይቀጣ ነበር። በበለጸጉት አገሮችም ቢሆን ቤት ይመዘናል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ መመሪያ መነሻነት፣ ቤት ሲሸጥ ወይም ሲከራይ ምን ያህል የኃይል ፍጆታ እንዳለው የሚገልጽ የምስክር ወረቀት እንዲኖረው ተደርጓል። እዚያ የሚመረመረው የግድግዳው ውፍረት፣ የመስኮቱና የጣሪያው ሁኔታ ነው። በእኛ ገጠር የሚመረመረው በረቱ፣ ምንጩና ምድጃው ነው። ሐሳቡ ግን አንድ ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ የሚወጣው ፍሬ ወደሚሰጥበት ቤት ይሁን የሚል ነው።

ድጎማው የማብላያውን ዋጋ በሙሉ አይሸፍንም። በመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ 6,000 ብር ይደርስ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሲሚንቶና የብረታ ብረት ዋጋ በእጅጉ ስለ ተለወጠ የወቅቱን መጠን ከወረዳው የኢነርጂ ሥራ ክፍል መጠየቅ ያስፈልጋል። ቤተሰቡ በበኩሉ ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፣ ጉድጓዱን ይቆፍራል፣ የጎደለውን በብድር ይሞላል። በአማራ ክልል ለእንዲህ ያለው ሥራ ብድር ይሰጥ የነበረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ፀደይ ባንክ ሆኗል።

ቤቱ የሚመዘንባቸው አራት ጥያቄዎች

አንደኛው ጥያቄ የከብት ነው። ፕሮግራሙ የሚጠይቀው ቢያንስ አራት ከብት ነው። ቁጥሩ በዘፈቀደ የተወሰነ አይደለም። መስክ ውሎ ሌሊት በረት ከሚያድር አንድ የአገራችን ከብት በአዳር ወደ 5 ኪሎ ያህል እበት ይሰበሰባል ተብሎ ይታሰባል። አራቱ ከብቶች 20 ኪሎ ይሰጣሉ። ከአንድ ኪሎ ትኩስ እበት 40 ሊትር ያህል ጋዝ ስለሚገኝ 20 ኪሎው ወደ 800 ሊትር ጋዝ ያስገኛል። አንድ የባዮጋዝ ምድጃ በሰዓት ከ300 እስከ 400 ሊትር ይፈጃል። እንግዲህ አራት ከብት ያለው ቤት በቀን ሁለት ሰዓት ያህል የሚነድ እሳት ያገኛል ማለት ነው። ይህ ለወጥና ለቡና ይበቃል። ሁለት ከብት ብቻ ያለው ቤት ግን ድስቱ ሳይበስል እሳቱ ይጠፋበታል፤ እመቤቲቱም ወደ ኩበቷ ትመለሳለች።

ስለዚህ ለምዝገባ ሲባል የጎረቤት ከብት በረት አስገብቶ ማስቆጠር፣ ወይም ነገ ባለቤቱ የሚወስደውን በርቢ የተያዘ ከብት እንደ ቋሚ ሀብት ማስጻፍ መርማሪውን የሚያታልል ይመስላል እንጂ የሚያታልለው ራሱን ነው። ማብላያው የተጻፈለትን ሳይሆን የገባለትን እበት ይቆጥራል።

ሁለተኛው የውሃ ጥያቄ ነው። እበቱ ከማብላያው የሚገባው በእኩል ውሃ ተበጥብጦ ነው። ለ20 ኪሎ እበት 20 ሊትር ውሃ፣ ማለትም አንድ ጀሪካን በየቀኑ ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት ውሃው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በማይበልጥ መንገድ ላይ እንዲገኝ ይፈለጋል። አንድ ጀሪካን በወረቀት ላይ ትንሽ ነው። በእናትና በልጃገረድ ጀርባ ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ተጨማሪ ጉዞ ነው። መሪዎች ምንጩን በነሐሴ አይተው «ውሃ አለ» ብለው እንዳይፈርሙ ያስፈልጋል። መታየት ያለበት ከክረምቱ በፊት ባሉት ደረቅ ወራት ነው። የከብት ሽንት የሚጠራቀምበት ወለል በበረቱ ከተሠራ የውሃውን ፍላጎት ሊያቃልል ይችላል፤ ለማብላያውም ለማዳበሪያውም ይጠቅማል።

ሦስተኛው የቦታና የቅዝቃዜ ጥያቄ ነው። የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት ሙቀት ይወዳሉ። የአፈሩ ሙቀት እየቀነሰ ሲሄድ የጋዙ መጠን ይቀንሳል፤ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን ሥራው ሊቆም ምንም አይቀረውም። ስለዚህ ማብላያው ፀሐይ በሚያገኘው፣ ነፋስ በማይመታው፣ ለበረቱና ለጓዳው በቀረበ ቦታ መቆፈር ይኖርበታል። ከታች ውሃ የሚያቁር መሬትም አይመረጥም።

አራተኛው የሰውና የፈቃድ ጥያቄ ነው። በየማለዳው እበቱን የሚበጠብጠው ማን ነው? ብድሩንስ በምን ይከፍላሉ? ከሁሉ በላይ ደግሞ እመቤቲቱ ተስማምታበታለች ወይ? ቅጹ ላይ የሚፈርመው አባወራው ቢሆንም ማብላያውን የምትመግበው በአብዛኛው እሷ ናት። እሷ ያልተጠየቀችበት ምዘና ግማሽ ምዘና ነው።

ደጋው፣ ወይናደጋውና ቆላው

እነዚህን አራት ጥያቄዎች ይዘን ወደ አካባቢያችን ስንመለስ መልሱ በየከፍታው የተለያየ ሆኖ እናገኘዋለን። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ ወደ ምሥራቅ መሬቱ በለጋምቦ ደጋ በኩል ወደ አምባ ፈሪት ተራሮች ይወጣል። ወደ ምዕራብ ደግሞ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል።

በውርጩና በከፍተኛው ደጋ የኩበት ማገዶነት ከሁሉ የበረታ ነው። ዛፉ ጥቂት፣ ብርዱ ብርቱ ነውና። ስለዚህ ባዮጋዝ ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው እዚያ ነው። ነገር ግን ማብላያው ከሁሉ ይልቅ የሚቸገረውም እዚያው ነው። በብርዱ ወራት ጋዙ ይቀንሳል፤ በብዙ ቤትም ከከብቱ ይልቅ በጉ ይበዛል። በተጨማሪም ኩበቱ ምግብ ከማብሰል ባሻገር ቤቱን ያሞቃል። የባዮጋዝ ምድጃ ቤት አያሞቅም። በእንዲህ ያለው ቀበሌ የመሪው ሥራ ማብላያ ለማስመዝገብ መሽቀዳደም አይደለም። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃንና የማገዶ ዛፍን ማስቀደም፣ ማብላያውን ግን በጣም በተመረጡ ቤቶች መሞከር ይሻላል።

ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ሙቀቱ ለማብላያው የሚመች ነው። እዚያ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ከብቱ ርቆ ስለሚሰማራ የሚሰበሰበው እበት ይቀንሳል፤ በደረቁ ወራትም ውሃው ይርቃል። ስለዚህ ከብቱ ሌሊት በረት ማደሩንና ውሃው መቅረቡን ሳያረጋግጡ ማስመዝገብ አይገባም።

ለሥራው የተሻለ ዕድል ያለው በመካከሉ ያለው ወይናደጋ ነው። እዚያም ቢሆን ሁሉም ቤት አያልፍም። ምዘናው በወረዳ ወይም በቀበሌ ደረጃ በጅምላ የማይደረገው፣ ቤት ለቤት የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሚዛኑ በታች የሚቀረው ቤት

ይህን ሚዛን ደግፈን ስንጽፍ ያለበትን ጉድለት ልንሸሽግ አይገባም። አራት ከብት ያለው ሰው በመንደሩ መመዘኛ ደህና ኑሮ ያለው ነው። አንድ ላም ብቻ ያላት እማወራ፣ በቅርቡ ጎጆ የወጣ ወጣት፣ ከብቱን በድርቅ ያጣ ገበሬ ድጎማው አይደርሳቸውም። ለባለ ከብቱ የመንግሥትና የእርዳታ ገንዘብ ሲመጣለት፣ ከብት የሌላት ሴት የሰው በረት ዞራ እበት ለቅማ ታነዳለች። ይባስ ብሎ ባለ ከብቱ ማብላያ ሲያስገነባ እበቱን ለራሱ ስለሚፈልገው እሷ የምትለቅመው ይቀንሳል። በስብሰባ ላይ «ያለው ይጨመርለታል» ተብሎ ቅሬታ ቢነሣ ቅሬታው እውነት አለው።

መፍትሔው ግን ሚዛኑን ማላላት አይደለም። ሁለት ከብት ላለው ቤት አዝኖ ማብላያ ማስገንባት ያንን ቤት የብድር ዕዳና የማይሠራ ጉድጓድ ማውረስ ነው። መፍትሔው ለእነዚህ ቤቶች ሁለተኛ መንገድ መክፈት ነው። ይህም መንገድ ምርጥ የተባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ነው።

ምርጥ ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን የኢነርጂ ባለሙያዎች ተጠንቶ የተሠራ ነው። አሸዋ ወይም ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍርፋሪ ከሲሚንቶ ጋር ተቀላቅሎ በቅርጽ ማውጫ ይሠራል። ስድስት ክፍሎች አሉት። አራቱ ገጥመው ምጣዱን ይሸከማሉ፣ እሳቱንም ዙሪያውን ይከባሉ። ሁለቱ ከኋላ በጭስ መውጫው ላይ ተቀምጠው ድስት ይጣድባቸዋል፤ ስለዚህ ምጣዱን ያጋገረው እሳት ሳይባክን ውሃ ያሞቃል ወይም ወጥ ያበስላል። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እሳት ሙቀቱ አብዛኛው በየጎኑ ይበተናል። ምርጥ ምድጃ በትክክል ከተገጠመና መጋጠሚያው በጭቃ ከተደፈነ ለጋገራ የሚውለውን ማገዶ እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል።

ይህ ምድጃ ለድኻው ቤት ብቻ የሚሆን አይደለም። በገጠር ቤት ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ የሚበልጠውን የሚፈጀው የእንጀራ ጋገራ ነው። ሰፊው ምጣድ ብርቱና እኩል የተዳረሰ እሳት ይፈልጋል። ለባዮጋዝ የሚስማማ ምጣድ ለመሥራት ሙከራዎች ቢደረጉም ከአራት ከብት እበት የሚገኘው ጋዝ ለጋገራ አይበቃም። ስለዚህ ማብላያ ያለው ቤትም ለእንጀራው ምርጥ ምድጃ ያስፈልገዋል። ኤሌክትሪክ ወዳለበት ከተማ የተጠጋ ሰው የኤሌክትሪክ ምጣድ ያስብ ይሆናል፤ ምጣዱ ግን ወደ 3,500 ዋት ያህል የሚፈልግ ስለሆነ ለአብዛኛው ገጠር በቅርብ የሚደርስ መልስ አይደለም።

የምድጃው ክፍሎች ከባዶች ናቸው፤ በአቀበትና በቁልቁለት ሲጓጓዙም ይሰበራሉ። በመሆኑም ከሩቅ ከተማ ከማስመጣት ይልቅ በየቀበሌው ሴቶችና ወጣቶች ተደራጅተው እዚያው እንዲያመርቱ ማድረግ ይሻላል። መሪው የቅርጽ ማውጫና የሥልጠና ጥያቄ ለወረዳው ሲያቀርብ ምን ያህል ቤት እንደሚፈልግ በቁጥር አስደግፎ ማቅረብ ይኖርበታል። ከዚህ ጋር የማገዶ ዛፍ ጉዳይ አብሮ ይታያል። ባሕር ዛፍ ከምንጭ ዳርና ከእርሻ መሬት ርቆ በገደላገደልና በተራቆተ ኮረብታ ላይ ሲተከል ኩበቱን ከምድጃ ያስለቅቃል። በቦረናና በሳይንት መካከል ያለው የደንቆሮ ጫካም ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ቢከለልም፣ የማገዶ ችግሩ ካልተቃለለ አጥርና ጥበቃ ብቻ አያድኑትም።

ሚዛን ይዞ ወደ ጓዳ

ምድጃው ማገዶ ቆጥቧል አልቆጠበም የሚለው በወሬ የሚታወቅ አይደለም። የሚታወቀው በሚዛን ነው። ይህን ለማድረግ የምርምር ጣቢያ አያስፈልግም። እህል የሚመዘንበት ተንጠልጣይ ሚዛንና ደብተር ይበቃል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቤተሰቡ እንደ ልማዱ በጉልቻ ያበስላል። በየማለዳው ለዕለቱ የተዘጋጀው ማገዶ ይመዘናል፤ በማግሥቱ ያልነደደው ይመዘንና ይቀነሳል። እንጨትና ኩበት ለየብቻ ይጻፋሉ። በየቀኑ ስንት ሰው እንደ በላና ስንት እንጀራ እንደ ተጋገረም ይመዘገባል። በሁለተኛው ሳምንት በአዲሱ ምድጃ ያው ይደገማል። ለምሳሌ በመጀመሪያው ሳምንት 60 ኪሎ ነድዶ በሁለተኛው 36 ኪሎ ቢነድ፣ የበላተኛው ቁጥርና የእንጀራው ብዛት ካልተለወጠ፣ ቤቱ 24 ኪሎ ወይም ከመቶ 40 እጅ ቆጥቧል ማለት ነው።

ጥንቃቄም ያሻዋል። ሰደቃ፣ ተስካር ወይም ድግስ ያለበት ሳምንት አይመረጥም። የጾም ሳምንት ከፍስክ ሳምንት ጋር፣ የረመዳን ሳምንትም ከሌላው ሳምንት ጋር አይነጻጸርም። በዝናብ የራሰ እንጨት ክብደቱ ስለሚጨምር ከደረቁ ጋር አይወዳደርም።

ይህ ዓይነቱ ልኬት ለመንደሩ ዕውቀት ብቻ የሚውል አይደለም። ምድጃና ማብላያ የሚቀንሱት ጭስ ተሰልቶ በዓለም ገበያ የሚሸጥበት አሠራር አለ። በባዮጋዝ ረገድ የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ከዓለም ባንክ ፈንድ ጋር ይህን የመሰለ ውል ገብቷል። ገዢዎቹ የሚከፍሉት ለተገነባው ጉድጓድ ሳይሆን ለሚሠራው ነው። መርማሪ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ጋዙ ይነድ እንደሆነ የሚጠይቀው ስለዚህ ነው። ያልሠራውን «ይሠራል» ብሎ የሚያስመዘግብ ቀበሌ የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ቀበሌ ዕድል ያበላሻል።

ከመሪዎች የሚጠበቀው

ከላይ ከተዘረዘረው የሚከተሉት ተግባሮች ይወጣሉ።

ሀ) የቤቶች መዝገብ ማዘጋጀት። በየቤቱ ሌሊት በረት የሚያድር የራሱ ከብት ስንት እንደሆነ፣ ውሃው በደረቁ ወራት የስንት ደቂቃ መንገድ እንደሆነ፣ የሚነደው ማገዶ ምን እንደሆነ ይመዝገብ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ በክልሉ ግጭት ከተስፋፋ ወዲህ የወረዳ ሠራተኛ በየጊዜው ቤት ለቤት መዞር የሚቸገርበት ሁኔታ ስለ ታየ፣ መዝገቡ በቀበሌው እጅ መኖሩ ድጋፍ በመጣ ጊዜ ቀድሞ ለመገኘት ይረዳል።

ለ) መመዘኛውን በስብሰባ ማስረዳት። አራት ከብትና አንድ ጀሪካን ውሃ ለምን እንደሚያስፈልጉ ሕዝቡ ሂሳቡን ራሱ ከሠራው አድልዎ ተደረገብኝ የሚለው ይቀንሳል። ያለፈና ያላለፈ ቤት ስምም ከነምክንያቱ በግልጽ ይነገር።

ሐ) ግንባታው ሲያልቅ ብቻ ሳይሆን ከዓመት በኋላም መመልከት። የሚታዩት ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ጋዙ ይነዳል ወይ? እበት በየቀኑ ይገባል ወይ? ዝቃጩስ ማሳ ደርሷል ወይ? ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዝቃጩ በጉድጓዱ አፍ ፈስሶ ከቀረ የሥራው ግማሽ ፍሬ ጠፍቷል። በጥላ ሥር ሁለት ጉድጓድ ተቆፍሮ ከገለባና ከቅጠላ ቅጠል ጋር እየተደባለቀ ብስባሽ ሆኖ ወደ ማሳ ቢሄድ ግን ገበሬው ውጤቱን በራሱ ሰብል ያየዋል።

መ) ሚዛኑ ያላነሣውን ቤት አለመርሳት። ለእያንዳንዱ ማብላያ ጥያቄ ጎን ለጎን የምርጥ ምድጃና የችግኝ ጥያቄ ይቅረብ። በማብላያው ምክንያት እበት መልቀም የሚቀርባት እማወራ በምድጃው ዝርዝር ቀዳሚ ትሁን።

ሠ) ሴቶችን ማነጋገር። ምዘናው ከእመቤቲቱ ጋር በጓዳዋ ይደረግ፤ የቀበሌው ተወካይም ቢቻል ሴት ትሁን።

የወሎ ገበሬ እርከን ሲሠራ የመጀመሪያውን ድንጋይ ያስቀመጠው ውሃ ልኩን አይቶ ነው። ያለ ልክ የተሠራ እርከን በመጀመሪያው ዶፍ እንደሚናድ ያውቃልና። ማብላያና ምድጃም እንደዚሁ ናቸው። የቤቱ ልክ በትክክል ከታየ እበቱ ጓዳውን አገልግሎ ወደ ማሳው ይመለሳል። ልኩን በደንብ የሚያውቀው ደግሞ ከሩቅ የሚመጣው መርማሪ ሳይሆን በየበረቱ ስንት ከብት እንደሚያድርና የትኛው ምንጭ በግንቦት እንደሚደርቅ የሚያውቀው የገበሬ ማኅበሩ መሪ ነው። ስለዚህ ቆጠራው በታማኝነት ይጀመር። ከበረቱ ተነሥቶ ወደ ምንጩ፣ ከምንጩም ወደ ጓዳ ይሂድ።